ከዓለም ባንክ እስከ ዋልታ፦ በሉል ላይ ስለሚሠራ ጎነ ሦስት

በሰሌዳ ላይ የተሣለ ጎነ ሦስት ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ሦስቱ ዘዌዎቹ ሲደመሩ 180 ዲግሪ ይሆናሉ። በሉል ላይ የተሣለ ጎነ ሦስት ግን ድምሩ ሁልጊዜ ከ180 ይበልጣል። ትርፉ ቋሚ አይደለም፤ ጎነ ሦስቱ በሰፋ ቁጥር ያድጋል። ምድር ሉል ስለሆነች በላይዋ የሚለካ ጎነ ሦስት ሁሉ፣ በሦስት ኮረብታዎች መካከል ያለውም ሆነ አህጉር የሚያቋርጠው፣ ይህን ትርፍ ይዟል።

በመጀመሪያ ጎን የሚባለው ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በሉል ገጽ ላይ ቀጥ ያለ መስመር የለም፤ ሁሉም መንገድ ጎባጣ ነው። ከጎባጦቹ መካከል ግን አጭሩን ማግኘት ይቻላል። በብርቱካን ላይ ሁለት ነጥብ ምልክት አድርጎ በመካከላቸው ክር የወጠረ ሰው አጭሩን መንገድ በእጁ ይዟል ማለት ነው። ያ ክር ዞሮ እስኪገጥም ቢቀጥል ብርቱካኑን እኩል ለሁለት የሚከፍል ክብ ይሠራል። እንዲህ ያለው በሉሉ እምብርት የሚያልፍ ክብ ታላቅ ክብ ይባላል፤ የሉል ጎነ ሦስት ጎኖችም የታላቅ ክቦች ቁራጮች ናቸው። ምድር ወገብ ታላቅ ክብ ነው። ከዋልታ ወደ ዋልታ የሚወርዱት የኬንትሮስ መስመሮችም የታላቅ ክብ ግማሾች ናቸው። ከምድር ወገብ በቀር ያሉት የኬክሮስ መስመሮች ግን አይደሉም። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር የሚገኘው በሰሜን 9 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ይህን ኬክሮስ ሳይለቅ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ቀጥ ብሎ የሄደ ይመስለዋል እንጂ በእያንዳንዱ እርምጃ በጥቂቱ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ነው።

ጎኖቹ የሚለኩት በዲግሪ ነው። ይህ ለጀማሪ እንግዳ ይመስላል፤ ርዝመት እንዴት በዲግሪ ይለካል? መልሱ በምድር እምብርት ላይ ነው። ከእምብርቱ ወደ ሁለቱ ቦታዎች ሁለት መስመር ቢወጣ በመካከላቸው የሚፈጠረው ዘዌ የጎኑ ልክ ነው። የምድር አማካይ ራዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አንድ ዲግሪ በገጿ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ከ200 ሜትር ያህል ይሆናል። ጎኖቹም ዘዌዎቹም በአንድ ሚዛን መለካታቸው የሉልን ትሪጎኖሜትሪ ውበት ይሰጠዋል፤ ሳይንና ኮሳይን ለጎኑም ለዘዌውም ይወሰዳል።

ትርፉ ጎልቶ የሚታይበት ምሳሌ ይኸውና። ከሰሜን ዋልታ በዓለም ባንክ ኬንትሮስ፣ በምሥራቅ 38.7 ዲግሪ ገደማ፣ ቁልቁል ቢወረድ ምድር ወገብ የሚገኘው ኬንያ ውስጥ ነው። ከዚያ በምድር ወገብ ላይ 90 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ቢኬድ ኢንዶኔዥያ ይደረሳል፤ ከዚያም ወደ ዋልታው ይመለሳል። በዋልታው 90፣ በኬንያ 90፣ በኢንዶኔዥያ 90 ዲግሪ። ድምሩ 270። በሰሌዳ ላይ አንድ ጎነ ሦስት ከአንድ በላይ ቀጤ ዘዌ ሊኖረው አይችልም፤ እዚህ ሦስቱም ቀጤ ናቸው። ይህ ጎነ ሦስት የምድርን ገጽ አንድ ስምንተኛ ይሸፍናል።

በትርፉና በስፋቱ መካከል ያለውን ዝምድና በ1629 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ያስታወቀው አልበርት ዢራር ነው፤ እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪየት ቀድሞ አግኝቶት ነበር፣ ግን አላሳተመውም። ሕጉ እጅግ ቀላል ነው፦ ትርፉ በራዲያን ተለክቶ በራዲየሱ ስኩየር ሲባዛ ስፋቱን ይሰጣል። በምድር ላይ ይህ ሲሰላ ለእያንዳንዱ 197 ስኩየር ኪሎ ሜትር አንድ ሴኮንድ ይደርሳል፤ ሴኮንድ የተባለው የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። እንጦጦን፣ ወጨጫንና የረርን በሦስት መስመር የሚያገናኝ ጎነ ሦስት አዲስ አበባን አብዛኛውን ይከባል፤ ትርፉ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታ የሚለካ ባለሙያ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ ቢሠራ የሚያጣው ነገር የለም። አዲስ አበባን፣ ጎንደርንና አክሱምን የሚያገናኘው ጎነ ሦስት ግን ወደ 39,000 ስኩየር ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ትርፉም ከሦስት ደቂቃ ያልፋል። ይህን ችላ ብሎ ካርታ መሥራት አይቻልም።

በኢትዮጵያ ምድር ላይ እንዲህ ያለውን ሥራ በሰፊው የጀመረው ተጓዡ አንቷን ዳባዲ ነው። በ1838 እ.ኤ.አ. ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምፅዋ ገብቶ ለአሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ተዘዋወረ። ዳባዲ ዛሬ ይበልጥ የሚታወሰው ፓሪስ ባሉት የግዕዝ ብራናዎቹና በአማርኛ መዝገበ ቃላቱ ነው፤ የምድር ልኬት ሥራው ግን ከዚያ አያንስም። ዘዴው ፈጣን ልኬት የሚባል ነበር። በሜዳ ላይ መነሻ መስመር በሰንሰለት እየለኩ ወራት ከማሳለፍ ይልቅ ከተራራ ወደ ተራራ በቴዎዶላይት አቅጣጫ ይወስዳል፣ ኬክሮስን በከዋክብት ከፍታ ያገኛል፣ የሁለት ተራሮች የኬክሮስ ልዩነትና በመካከላቸው ያለው አቅጣጫ ሲታወቅ ርቀቱ በስሌት ይወጣል። የኢትዮጵያ ደጋ አምባዎች ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ጥርት ባለ የጥቅምት ጧት ከአንድ አምባ ላይ ሌሎች ብዙ ይታያሉ። የስሌቱ ውጤት ከ1860 እስከ 1873 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ ስሌቱን የሚያቀለው የሌዣንድር ሕግ ነው፤ በ1787 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ትንሽ የሉል ጎነ ሦስት ሲገጥም የትርፉን አንድ ሦስተኛ ከእያንዳንዱ ዘዌ መቀነስና የቀረውን እንደ ጠፍጣፋ አድርጎ ማስላት ይበቃል።

ትርፉ ከስፋቱ ጋር መታሰሩ ሌላም ነገር ያስከትላል። በሰሌዳ ላይ ሦስት ዘዌዎች የተሰጡት ሰው ትንሽም ትልቅም ጎነ ሦስት መሥራት ይችላል፤ ቅርጹ አንድ ነው፣ መጠኑ ይለያያል። በሉል ላይ ግን ሦስቱ ዘዌዎች ከታወቁ መጠኑም ታውቋል። ቅርጹን ጠብቆ ማሳነስ የሚባል ነገር የለም። ካርታ ደግሞ ሥራው ማሳነስ ነው። ስለዚህ የሰፊ አገር ካርታ ሁሉ አንድ ነገር ያዛባል፤ ወይ ርቀትን፣ ወይ አቅጣጫን፣ ወይ ስፋትን። ጉድለቱ ከካርታ ሠሪው ስንፍና አይደለም፤ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳረጋገጠው ሉልን ሳያዛቡ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ መዘርጋት የማይቻል ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ከጎነ ሦስቱ ስድስት ልኮች ማለትም ከሦስት ጎንና ከሦስት ዘዌ ሦስቱ ሲታወቁ የቀሩትን ማግኘት ነው። ለዚህ ሁለት ሕጎች ዋነኞች ናቸው። የኮሳይን ሕግ የሚለው ይህን ነው፦ የሁለት ጎኖች ኮሳይን እርስ በርስ ይባዛል፤ የእነዚሁ ጎኖች ሳይን እርስ በርስ ተባዝቶ በመካከላቸው ባለው ዘዌ ኮሳይን ደግሞ ይባዛል፤ ሁለቱ ውጤቶች ሲደመሩ የሦስተኛው ጎን ኮሳይን ይገኛል። የሳይን ሕግ ደግሞ የአንድ ዘዌ ሳይን ከፊት ለፊቱ ላለው ጎን ሳይን ሲካፈል ለሦስቱም ወገን እኩል ውጤት ይሰጣል ይላል።

ሕጎቹን በሥራ ላይ ለማየት ለዓለም ባንክና በጠቅላላው ለኮልፌ የሚቀርብ ጥያቄ አለ። በዚህ አካባቢ ብዙ ሙስሊሞች ይኖራሉ፤ በየመስጊዱም በቀን አምስት ጊዜ ፊት ወደ ቂብላ ይዞራል። ቂብላ ወደ መካ ያለው አቅጣጫ ነው። ከዓለም ባንክ ወደ መካ ያለው አቅጣጫ የትኛው ነው?

የጎነ ሦስቱ ሦስት ጫፎች ዓለም ባንክ፣ መካና ሰሜን ዋልታ ናቸው። የዋልታው መግባት ነገሩን ሁሉ ይፈታዋል፤ በተግባር የሚሠሩ አብዛኞቹ የሉል ጎነ ሦስቶች ዋልታን እንደ አንድ ጫፍ ይይዛሉ፣ ምክንያቱም ኬክሮስና ኬንትሮስ ራሳቸው ከዋልታ የተለኩ ናቸውና። ዓለም ባንክ በኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከዋልታው 81 ዲግሪ ይርቃል። መካ በ21.42 ዲግሪ ላይ ስለሆነ 68.58 ዲግሪ ይርቃል። የመካ ኬንትሮስ 39.83፣ የዓለም ባንክ 38.68 ስለሆነ በዋልታው ላይ የሚፈጠረው ዘዌ የሁለቱ ልዩነት፣ 1.15 ዲግሪ ነው። ሁለት ጎንና በመካከላቸው ያለው ዘዌ ታወቁ ማለት ነው።

የ81 እና የ68.58 ኮሳይኖች 0.1564 እና 0.3652 ናቸው፤ ሲባዙ 0.0571። ሳይኖቻቸው 0.9877 እና 0.9309 ናቸው፤ ተባዝተው በ1.15 ዲግሪ ኮሳይን፣ ማለትም በ0.9998 ሲባዙ 0.9193። ድምሩ 0.9764 ሲሆን ይህ ኮሳይን ያለው ጎን 12.47 ዲግሪ ነው። በኪሎ ሜትር 1,387 ያህል።

አቅጣጫው በሳይን ሕግ ይገኛል። የ1.15 ዲግሪ ሳይን 0.02007 ነው፤ ለ12.47 ሳይን፣ ለ0.2159 ሲካፈልና በ68.58 ሳይን ሲባዛ 0.0865 ይሆናል። ይህ ሳይን ያለው ዘዌ 5 ዲግሪ ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ነው። ስለዚህ ከዓለም ባንክ ቂብላ ከትክክለኛው ሰሜን 5 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የኮምፓስ መርፌ የሚያሳየው የመግነጢሱን ሰሜን እንጂ የዋልታውን አይደለም፤ በአዲስ አበባ ሁለቱ በጥቂት ዲግሪ ይለያያሉ። አምስት ዲግሪ የሚፈልግ ሰው ይህን ልዩነት ካልቆጠረ ከሚፈልገው ግማሹን ሊስት ይችላል።

የሳይን ሕግ አንድ ወጥመድም አለው። በመካ ላይ ያለው ዘዌ ሲሰላ ሳይኑ 0.0918 ይወጣል፤ ይህ ሳይን ያላቸው ሁለት ዘዌዎች አሉ፣ 5.27 ዲግሪና 174.73 ዲግሪ። እዚህ ትክክሉ ሁለተኛው ነው፤ መካ በዓለም ባንክና በዋልታው መካከል ከመንገዱ ጥቂት ፈቀቅ ብላ ስለምትገኝ በእርሷ ላይ ያለው ዘዌ ሊዘረጋ ጥቂት የቀረው መሆን አለበት። ሦስቱ ዘዌዎች ሲደመሩ 180.85 ዲግሪ ይሆናሉ። ቀጭን ጎነ ሦስት ቢሆንም ትርፉ አልጠፋም።

ስሌቱ ልክ መሆኑን ያለ መሣሪያ፣ በዱላ ብቻ መፈተሽ ይቻላል። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በመካ አናት ላይ በትክክል ትቆማለች፦ በግንቦት 19 ወይም 20፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ገደማ፣ ዳግመኛም በሐምሌ 8 ወይም 9፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ገደማ። የመካና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው። በዚያች ደቂቃ ከዓለም ባንክ ፀሐይን ማየት የመካን አናት ማየት ነው። ቀጥ ብሎ የተተከለ አንድ ሜትር ዱላ 22 ሳንቲ ሜትር ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል፤ ከጥላው ጫፍ ወደ ዱላው ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላ ነው። የጥላው እርዝመትም የ12.47 ዲግሪ ታንጀንት ስለሆነ ርቀቱን አብሮ ይናገራል። የሐምሌው ቀን በክረምት ደመና የመሸፈን ዕድሉ ብዙ ስለሆነ የግንቦቱ ይመረጣል።

ይህ የአቅጣጫ ጥያቄ ለትሪጎኖሜትሪ ዕድገት ትልቅ ግፊት ሆኗል። የሉልን ጎነ ሦስት በስሙ ለይቶ የተነተነው የእስክንድርያው ሜኔላዎስ ነው፤ በአንደኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የጻፈው መጽሐፍ የግሪክኛው ጠፍቶ በዐረብኛ ትርጉሙ ተርፏል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን አቡ አል-ወፋና በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት የሳይንን ሕግ አረጋገጡ። አል-ቢሩኒ የከተሞችን አቀማመጥ ስለማወቅ በጻፈው መጽሐፍ የጋዝና ከተማን ቂብላ በበርካታ መንገድ አሰላ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነሲር አድ-ዲን አት-ጡሲ ትሪጎኖሜትሪን ከሥነ ፈለክ ለይቶ ራሱን የቻለ ትምህርት አደረገው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደማስቆው አል-ኸሊሊ ለየዲግሪው ኬክሮስና ኬንትሮስ ቂብላን የሚሰጥ ሰንጠረዥ አዘጋጀ፤ ስንት ሺህ ጊዜ ያንኑ ስሌት በእጅ እንደሠራ ማሰብ ያስደንቃል።

ተመሳሳይ ጎነ ሦስት በሰማይም አለ። ጫፎቹ የሰማይ ዋልታ፣ ከተመልካቹ አናት በላይ ያለው ነጥብና ፀሐይ ናቸው። ፀሐይ ስትወጣ ከአናት ያላት ርቀት ልክ 90 ዲግሪ ስለሆነ የኮሳይን ሕግ ያጥራል፤ ሁለት ጥያቄዎችም ይመለሳሉ፦ ፀሐይ በየት በኩል ትወጣለች? ቀኑስ ስንት ሰዓት ይረዝማል?

በመጋቢትና በመስከረም ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ፀሐይ በትክክለኛው ምሥራቅ ትወጣለች። በሰኔ 14 ገደማ በአዲስ አበባ ከምሥራቅ 23 ዲግሪ ከሦስት ሩብ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብላ ትወጣለች፤ በታኅሣሥ በዚያው ልክ ወደ ደቡብ። ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ ሲታነጽ የመሠረቱ ዕለት ፀሐይ የወጣችበት ቦታ እንደ ምሥራቅ ቢወሰድ ሕንፃው እንደ ወሩ ይህን ያህል ሊያዘነብል ይችላል። መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ የምትመላለስባቸው ስድስት የምሥራቅና ስድስት የምዕራብ ኆኅታት አሉ የሚለው ይህንኑ የአድማስ ምልልስ ነው። መጽሐፉ ግን ረጅሙን ቀን የሌሊቱ እጥፍ ያደርገዋል፤ ይህ ከጥንት ባቢሎናውያን ሒሳብ ጋር የሚገጥም ነው። በጎነ ሦስቱ ሲፈተሽ ባለ 16 ሰዓት ቀን የሚገኘው በኬክሮስ 49 አካባቢ ነው።

በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ31 ደቂቃ፣ አጭሩ 11 ሰዓት ከ29 ነው። አየር ብርሃንን ስለሚያጥፍና ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ገበታ ስለሆነች ሁለቱም ላይ ሰባት ስምንት ደቂቃ ይጨመራል። በጎንደር ረጅሙ 12 ከ44፣ በሞያሌ 12 ከ12 ነው። ሰዓትን ከንጋት የሚቆጥረው የአገሩ ልማድ የጸናበት አንዱ ምክንያት እዚህ ጎነ ሦስት ውስጥ አለ ማለት ይቻላል፤ ንጋት ዓመቱን በሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ስቶክሆልም ላለ ኢትዮጵያዊ ግን በሰኔ ቀኑ ከ18 ሰዓት በላይ ስለሚሆን በንጋት መቁጠር ትርጉም ያጣል።

ጎነ ሦስቱ ሲሰፋ ጠፍጣፋው ካርታ የሚያሳስተው ደግሞ በአየር መንገድ ላይ ይታያል። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በሰሜን 30 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች፣ ወደ ምዕራብ ግን 116 ዲግሪ ትርቃለች። በተለመደው ግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ ሲሰመር መንገዱ ወደ ምዕራብ የተኛ ነው፤ ከሰሜን 74 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፣ 12,100 ኪሎ ሜትር ገደማም ይፈጃል። ታላቁ ክብ ግን ከቦሌ አየር ማረፊያ ሲነሣ ከሰሜን 46 ዲግሪ ብቻ ያዘነብላል። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አልፎ በአትላንቲክ መካከል እስከ ኬክሮስ 45 አቅራቢያ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል። ርዝመቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከግማሽ ሺህ በላይ ያጠረ ነው። አብራሪዎች በነፋስና በአየር ክልል ምክንያት ከዚህ ይወጣሉ፤ መነሻ ሐሳባቸው ግን ይኸው መስመር ነው። አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንና ሰሜን ዋልታ በሚሠሩት ጎነ ሦስት የዘዌዎቹ ድምር 228 ዲግሪ ነው። የ48 ዲግሪው ትርፍ 34 ሚሊዮን ስኩየር ኪሎ ሜትር ስፋት ማለት ሲሆን ይህ ከመላው አፍሪካ ይበልጣል።

እስካሁን ምድር ፍጹም ሉል ተደርጋ ተቆጥራለች። እውነቱ ግን በዋልታዎቿ በኩል ጥቂት የተጫነች መሆኗ ነው፤ ራዲየሷ በምድር ወገብ 6,378፣ በዋልታ 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ምክንያት ከዓለም ባንክ እስከ መካ ያለው ትክክለኛ ርቀት በሉሉ ከተሰላው በሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ያንሳል፣ 1,380 ገደማ ነው። አቅጣጫው ግን ለዓይን በሚታይ መጠን አይለወጥም።

ለካርታ ሥራ ይህ የመጫን ልክ መወሰን አለበት፤ አወሳሰኑ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የዓባይ ተፋሰስ በጎነ ሦስቶች ሰንሰለት ሲለካ ልኬቱ የተያያዘው በሱዳንና በግብፅ ወሰን፣ በናይል ዳር ከነበረችው የአዲንዳን ነጥብ ጋር ነው። የምድር ቅርጽ ሆኖ የተወሰደውም በ1880 እ.ኤ.አ. ክላርክ ያሰላው ነበር። የኢትዮጵያ ካርታዎች ለረጅም ዘመን በዚህ መሠረት ላይ ተሠርተዋል። በስልክ ውስጥ ያለው ጂፒኤስ ግን ሌላ ቅርጽና ሌላ እምብርት ይጠቀማል። በመሆኑም የአንዲት ነጥብ ኬክሮስና ኬንትሮስ ከአዲንዳን ካርታ ተነብቦ ሳይለወጥ በጂፒኤስ ቢፈለግ የሚገኘው ቦታ ከትክክለኛው ከ100 ሜትር በላይ ይርቃል። እንደ ዓለም ባንክ ቤት ከቤት በተጠጋጋበት ሰፈር 100 ሜትር ብዙ አጥሮችን ያሻግራል፤ ስለዚህ ሁለቱን የሚያስታርቀው የለውጥ ስሌት ከማናቸውም የወሰን ንባብ በፊት ይሠራል።